የአንድ ሰሞን ርብርብ አይበቃም

በ2017 ዓ.ም. ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ቲዩብ የቀጥታ ሥርጭት ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያለው ሕዝብ ተረባረበ። የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ሕንፃው ቢያልቅም ወጪው አያልቅም፤ ምግቡ፣ መድኃኒቱና የአረጋውያኑ ዳይፐር በየቀኑ ገንዘብ ይፈልጋሉ።

መላው ያለው እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ በወሩ መጨረሻ እሑድ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ መዋጮውን ተቀብሎ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ የአባሉን ደብተር ፈርሞ ይመልሳል። ማስታወቂያ የለ፣ ጭብጨባ የለ። አባላቱ ከተስማሙ በዚያው መዝገብ አንድ ዓምድ መጨመር ብቻ ይበቃል፦ 300 አባላት በወር 20 ብር ቢያዋጡ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያኑ ጨረታ፣ መንገድ ዳር የሚዘረጋው ዣንጥላም ሆነ የረመዳን ምጽዋት አይቅር። ግን ዣንጥላው ላይ ብር ጥሎ ያለፈ መንገደኛ ሒሳብ የሚጠይቅበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። ዕድርተኛ ግን በጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቶ ይጠይቃል። ስለዚህ ተረጂው ድርጅት በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪውን በጽሑፍ ይላክ፤ ወረቀቱም በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።