ከደሴ አዲስ አበባ፦ ከመኪናው በፊት ሹፌሩን ቼክ አድርጉት

ሰሞኑን አንድ ልጅ በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ ቤተሰብ ይዤ ከደሴ አዲስ አበባ እየነዳሁ ልመጣ ነው፤ ምን መድኃኒት ልያዝ?" አለኝ። "ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ?" አልኩት። "ሌሊት 10 ሰዓት።" "ማታስ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?" ስለው የሳቅ ኢሞጂ ላከልኝ። ሻንጣ አለ፣ ስንብት አለ፣ የእናት ቡና አለ፤ መቼ ይተኛል?

እኔ በዚህ "በሌሊት እንውጣ" በሚለው ልማዳችን አልስማማም። በጊዜ ለመድረስ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ከደሴ እንደወጣችሁ የሚጠብቃችሁ ሐረጎ ነው። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ በጨለማ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ በተኛ ሹፌር! ሰውነታችን ደግሞ እንቅልፍ አብዝቶ የሚጫነው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ነው። ቀጥሎ ከቀኑ 8 እስከ 10።

24 ሰዓት ሙሉ ያልተኛ ሰው መሪ ሲይዝ ከሰከረ ሰው አይሻልም። ሲያሸልበው ለራሱም ላይታወቀው ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ ወደ 90 ሜትር ይጓዛል። ያን ሁሉ ሜትር ማንም አልነዳውም ማለት ነው።

"ጫት ያነቃኛል" የምትሉ አላችሁ። ጫት ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ እንቅልፉን አይተካም፤ ሲለቅ ደግሞ ብሶ ይመጣል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመርም ብዙ አያስኬድም። ቡና ይረዳል፣ ግን እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ደህና ቦታ አቁማችሁ አንድ ስኒ ጠጡና 20 ደቂቃ ተኙ። ስትነቁ ሁለቱም ይሠሩላችኋል።

የእኔ ዕቅድ እንዲህ ነው። ሹፌሩ ማታ 3 ሰዓት ይተኛ፤ ሻንጣ ሌላ ሰው ይጫን። ጉዞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ከፊት የሚቀመጠው ሰው እንቅልፍ የማያበዛ ይሁን (ሁሉም ተኝቶ ሹፌሩ ብቻውን የሚነዳበት መኪና ያሳዝነኛል)። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፣ እዛ ጥጋብ ምሳ በልታችሁ ወዲያው አትነሱ። ከደብረ ሲና ጣርማበር ስትወጡ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርድ አለ፣ ጭጋግም ሊኖር ይችላል፣ ጃኬት ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን። ጆሮ ሲደፈን ማስቲካ ማኘክ በቂ ነው፤ ለሕፃናት ጡት ወይም ጡጦ ስጧቸው።

ደብረ ብርሃን ከመሸባችሁ እዛው እደሩ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀራት ተብሎ በድካም አይነዳም። ዘመድ እየጠበቀ ከሆነ ይደወልለት።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ውኃ አይጠጡም፣ የግፊት መድኃኒታቸውንም ይዘላሉ። እባካችሁ ይህን አትፍቀዱ። የሚያሸና ኪኒን ከሆነ ሰዓቱን ስለማዛወር ሐኪማቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መኪናውንም በየሁለት ሰዓቱ አቁሙላቸው፣ ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ ከላይ ከተጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ያ ልጅ ትናንት መልሶ ጽፎልኛል። "ዶክተር፣ 12 ሰዓት ተኩል ስላቸው አባቴ ተቆጡ" ይላል። ይህን ጽሑፍ ያሳያቸው።