በክረምት ምን እናነባለን? ለማንስ እናነባለን?

ሰኔ ገብቷል። የፈተናው ወከባ ሊያበቃ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። በየመኝታ ክፍሉ ሻንጣው ከአልጋ ሥር እየተጎተተ ይወጣል፤ በየሻይ ቤቱም «ክረምቱን ምን ልታነብ አስበሃል?» «አንቺስ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ልማዱ ተጀምሯል። መልስ የሚያጣ የለም። አንዱ «ፍቅር እስከ መቃብርን እንደገና አነባለሁ» ይላል፤ (እንደገና የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን)። ሌላዋ የበዓሉ ግርማን ልብ ወለዶች ከ«ከአድማስ ባሻገር» ጀምራ እስከ «ኦሮማይ» በተራ እንደምትጨርስ ትምላለች። ሦስተኛው ደግሞ ዶስቶየቭስኪን ሳልጨርስ ግቢውን አልረግጥም ብሎ ይፎክራል። እንዲህ እየተባለ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሃያ መጽሐፍ ተነቦ ያልቃል።

እኛ ይህን የምንጽፈው ጓደኞቻችንን ለማማት አይደለም፤ እኛም የፎካሪዎቹ ማኅበር አባሎች ነንና። በአንድ ክፍል የምንኖር አምስት ተማሪዎች ነን። አምና በዚሁ ወቅት ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ቀደን፥ እያንዳንዳችን በክረምት የምናነባቸውን መጻሕፍት በየስማችን ሥር ጽፈን፥ ሁላችንም ፈርመንበት ከበሩ ጀርባ ለጠፍነው። ድምሩ ሠላሳ አንድ መጽሐፍ ነበረ። ዕረፍቱ አልቆ ስንመለስ ወረቀቱ እንደ ተለጠፈ ቆየን። ሒሳቡን ብናወራርድ ግን ሠላሳ አንዱ መጽሐፍ ወደ አንድ ወርዶ ተገኘ። አራታችን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አላለፍንም። አንዱን መጽሐፍ የጨረሰው አንድ ጓደኛችን ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ከሁላችን ይልቅ ሥራ የሚበዛበት፥ ክረምት ከክረምት ከአረም የማይለይ የገበሬ ልጅ ነው።

ታዲያ እርሱ እንዴት ጨረሰ? ነገሩን ደጋግመን ጠይቀነው የነገረንን እዚህ ብናሰፍረው ለሌላውም ይጠቅማል ብለን አምነናል።

ይዞት የሄደው «ፍቅር እስከ መቃብርን» ነው። አንድ ማታ እራት ከተበላ በኋላ በስልኩ መብራት ለብቻው ሲያነብ፥ ከምድጃው ወዲያ የተቀመጡት አያቱ «የምን መጽሐፍ ነው?» ብለው ጠየቁት። ስሙን ሲነግራቸው «የበዛብህ ነዋ!» አሉ። ለካስ አያቱ በወጣትነታቸው፥ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በሚተርክበት ጊዜ፥ ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ቤት እየሄዱ ይሰሙ ኖረዋል። ነገር ግን ታሪኩ ከጣፈጠበት ላይ ሲደርስ የጎረቤቱ ሬዲዮ ድንጋይ አለቀ፤ አዲስ ድንጋይ ከገበያ እስኪገዛም ትረካው አመለጣቸው። ስለዚህ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ወጥታ ከሄደች በኋላ ምን እንደ ደረሰባት በቅጡ ሳያውቁ አርባ ዓመት ያህል ኖረዋል። የጠየቋቸው ሰዎች አንዱ እንዲህ፥ ሌላው እንዲያ እያለ ነበር የሚነግራቸው።

«እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» አሉት። ከዚያች ማታ ወዲህ ጓደኛችን ማንበቡን የሚተውበት ምክንያት አላገኘም። ደክሞት ሊያጥፈው ሲል «ከዚያስ?» ይሉታል። ሲቸኩል «ወጋየሁ እንዲህ አያስኬደውም፤ ቀስ በል» እያሉ ያርሙታል። በሳምንቱ የጎረቤት ሴቶችም ቡናቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉበት ክፍል በተነበበ ማታ አንዲቱ ጎረቤት «ልጁን ሳይጠይቁ በልጁ ዕድሜ መሳል የማን ፍርድ ነው?» ብለው ተነሡ፤ አያቱ ደግሞ «ልጇ የታመመባት እናት የማትሳለው ነገር የለም፤ አትፍረጂ» ብለው መለሱ። ክርክሩ እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ ዘለቀ። እኛ ለፈተና ከምንሸመድደው ትንታኔ በምን ያንሳል? የመጨረሻው ምዕራፍ በተነበበ ማታ አያቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «በል፥ አሁን ዐረፍሁ» ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ከዚህ ይነሣል። ጓደኛችን መጽሐፉን የጨረሰው ከእኛ ይልቅ ጎበዝ ስለ ሆነ አይደለም፤ «ከዚያስ?» የሚለው ሰው ስለ ነበረው ነው። የእኛ የአራታችን መጻሕፍት የቀሩት ደግሞ የሚጠይቀን ስላልነበረ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ለብቻ የተያዘ የንባብ ዕቅድም እንደዚያው ሸክም ነው፤ ሐምሌ ሳይጋመስ ከትከሻ ይወርዳል።

ታላላቅ መጻሕፍት የምንላቸውንም ቢሆን የምናውቃቸው በስም እንደ ሆነ ማመን ይገባናል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብርን» ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «ጉዱ ካሣ እንዳለው» የማይል የተማረ ሰው አይገኝም። ሆኖም ጉዱ ካሣ የተናገረውን በገዛ ዓይኑ ያነበበው ስንቱ ነው? ብዙዎቻችን ከመማሪያ መጽሐፍ በተቆረጠ ክፍል፥ ከትረካና ከሰው አፍ የለቃቀምነውን ይዘን አንብበነዋል እንላለን። ስለዚህም መጽሐፉ የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ብቻ ይመስለናል። ያነበበው ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኝበታል። ፊታውራሪ መሸሻና ባላገሩ በግብር የተነሣ እንዴት እንደ ተጣሉ፥ ባላገሩም በአበጀ በለው መሪነት እንዴት እምቢ እንዳለ ያያል። የዘር ኩራት የገዛ ልጅን ዕድል እንዴት እንደሚያበላሽ፥ እውነት የሚናገር ሰው በአገሩ ላይ እንዴት «ጉድ» ተብሎ እንደሚቀር ይረዳል። ይህ ሁሉ ከትረካ ቁራጭ ላይ አይገኝም።

መጽሐፍ ወፍራም ሆኖ የሚያስፈራው ሰው ካለም ምክንያት አናሳጣው። «ጦቢያ» የተባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመ፥ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር የሚባል ሲሆን፥ መጠኑ አነስተኛ ስለ ሆነ በሁለትና በሦስት ማታ ይዘለቃል። የተሸጠ ወንድሟን ለማግኘት የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር አገር ላገር የምትዞር ልጅ ታሪክ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው አማርኛ መጀመሪያ ያንገራግራል፤ ድምፅን ከፍ አድርገው ሲያነቡት ግን ይፈታል። በዐይን ብቻ ስናነበው ያስቸገረን ዐረፍተ ነገር ለጆሮ ሲሆን ለምን እንደሚቀና እኛም ገርሞናል፤ ምናልባት ጸሐፊው ቋንቋውን የቀዳው ከንግግር ስለ ሆነ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ወደ ቤቱ ለሚመለስ ተማሪ የምንመርጥለት በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስን» ነው። አደፍርስ ከገጠር ሰዎች መካከል የገባ የተማረ ወጣት ነው። ብዙ ያውቃል፥ ብዙ ይናገራል፥ ሁሉን ይሞግታል፤ ሲናገር ግን የሚሰማውም ሰው፥ እርሱ የሚሰማውም ሰው ጥቂት ነው። እያንዳንዳችን ከሻንጣችን ጋር አንድ አደፍርስ ይዘን ወደ ቤታችን እንደምንሄድ ማን ይክዳል? ባለፈው ዕረፍት ከአባታችን ጋር በምሳ ላይ ያደረግነውን ክርክር የምናስታውስ ሰዎች፥ ይህን መጽሐፍ ስናነብ ጥቂት እናፍራለን፤ ማፈሩም ይጠቅመናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን አሳብ ስናነሣላቸው ተቃውሞ አቅርበውልናል። ተቃውሞውን ሸፍነን ማለፍ ተገቢ አይደለም።

የመጀመሪያው «ሰው በችግር ላይ ሳለ፥ ኑሮ ሲከብድ፥ ልብ ወለድ ማንበብ የጥጋበኛ ሥራ ነው» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የታወቀ ነገር አለ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚሼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ በአማርኛ ተረጐመው። ወረቀቶቹ በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት ወጥተው በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እስረኛ ከሲጋራ ወረቀት ላይ መጽሐፍ ካወጣ፥ እኛ በምድጃ ዳር ተቀምጠን አንድ መጽሐፍ ለመዝለቅ ጊዜው አልፈቀደልንም ማለት ለጆሮም አይመችም።

ሁለተኛው «መጽሐፍ ውድ ነው» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ የተማሪን ኪስ እናውቀዋለን። ነገር ግን መድኃኒቱ መዋዋስ ነው። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፥ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ነው የሚለውን ቀልድ ሁላችን እንስቅበታለን፤ መዋዋስን የገደለውም ይኸው ቀልድ ነው። በስልክ የሚላላኩትን የመጽሐፍ ቅጂ በተመለከተ፥ ደራሲው በሕይወት ያለና መጽሐፉም ከገበያ የሚገኝ ከሆነ ላቡን መንጠቅ መሆኑን እናስታውሳለን። ደግሞም ሁለት መቶ መጽሐፍ በስልኩ ጭኖ አንዱን ያልከፈተ ሰው እናውቃለን፤ እርሱም በመካከላችን ነው።

ሦስተኛውና ብርቱው ተቃውሞ ግን «ቤተ ሰቦቻችን ሁሉ አማርኛ አይናገሩም» የሚለው ነው። ይህን የተናገረን ጓደኛችን እናቱ ከሲዳምኛ በቀር የማያውቁ ናቸው። እርሱ ራሱ መልሱን አገኘው፤ «በአማርኛ አንብቤ በሲዳምኛ እተርክላታለሁ፤ እርሷም ለእያንዳንዱ ማታ አንድ ተረት ትከፍለኛለች» አለን። እኛ ካሰብነው ይልቅ ይህ የተሻለ ነው። የአፋን ኦሮሞ፥ የትግርኛ፥ የወላይትኛና የሌላውም ቋንቋ ልጆች እንዲሁ ቢያደርጉ፥ ታላላቅ የምንላቸው ሥራዎች በማተሚያ ቤት የወጡት ብቻ እንዳልሆኑ እንማራለን። ስንሄድ አንድ መጽሐፍ ይዘን፥ ስንመለስ አንድ ተረት ይዘን እንመጣለን ማለት ነው።

ክረምት የተማሪ የንባብ ወራት መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ሊያስቆጥሩ ወደየገጠሩ ከተሰማሩት መካከል ተማሪዎች ነበሩ። የዚያን ዘመን ሌላውን ነገር ታሪክ ይፍረደው፤ በኩራዝ ብርሃን አዛውንቶች ሀ ሁ ሲሉ የታየበት ግን እውነት ነው። ዛሬ እኛን ማንም አላዘመተንም። የምንሄደው ወደ ገዛ ቤታችን ነው፤ የሚጠበቅብንም አንድ መጽሐፍና አንድ ሰሚ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ከመበተናችን በፊት እያንዳንዳችን የምንወደውን አንድ መጽሐፍ ለአንድ ጓደኛ እናውስ፤ ከእርሱም የሚወደውን አንዱን እንቀበል። ሰባት ስምንት መዘርዘር ይቅር። የተዋስነውን መጽሐፍ በቤታችን ካሉት ቢያንስ ለአንድ ሰው ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ፤ ለአያት፥ ለታናሽ እኅት፥ ሱቅ ለሚጠብቅ ወንድም፥ ለማንም ይሁን። ሲናገሩ አናቋርጣቸው፤ አናርማቸው፤ የሚሉትን ከመጽሐፉ ጀርባ በእርሳስ እንጻፈው። ስንመለስ መጽሐፉን ለባለቤቱ ስናስረክብ ያ ጽሑፍ ወለዱ ይሆናል።

እኛ በበኩላችን ጀምረናል። የአምናውን ወረቀት ከበሩ ጀርባ ገንጥለን ሌላ ለጥፈናል። ይኸኛው ሁለት ረድፍ ብቻ አለው፤ በአንዱ የመጽሐፉ ስም፥ በሌላው የሰሚው ስም። ሁለተኛው ረድፍ እስካሁን ባዶ ነው፤ የሚሞላው ስንመለስ ነው። በዚያ ቀን ሻይ ቤት ስንገናኝ «ስንት ጨረስክ?» ብለን አንጠያየቅም። «ማን ሰማህ? ምንስ አለ?» እንባባላለን።

መልካም ክረምት ይሁንልን።