የድመት ቀለብ ከሲሶ እስከ እኩሌታ፦ በመንዝ ደጋ ለአዋቂ ድመት የሚገባው ልክ

በሞላሌና በዙሪያዋ ባሉ የመንዝ ቀበሌዎች ድመት በቤት የምትኖረው በአብዛኛው ለሥራ ነው። ገብሱ፣ ስንዴውና ባቄላው ከአውድማ ተሰብስቦ ጎተራና ጎታ ከገባ በኋላ ሌሊቱን የምትጠብቀው እርሷ ናት። ሆኖም ለዚህች ጠባቂ የሚገባት ቀለብ ምን ያህል እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለበሬው ስንት ገለባ፣ ለበጉ ስንት ድርቆሽ እንደሚበቃ አሳምሮ የሚያውቅ ገበሬ፣ ስለ ድመቱ ሲጠየቅ «አይጥ ትብላ እንጂ!» ብሎ ያልፋል። በየዓመቱ የሚካሄደው የአገሪቱ የእንስሳት ናሙና ጥናትም ከብቱን፣ በጉን፣ ፍየሉን፣ የጋማ ከብቱን፣ ዶሮውንና የንብ ቀፎውን ሲቆጥር ድመትን አይቆጥርም። ላልተቆጠረ እንስሳ ደግሞ ቀለብ የሚሰፍር የለም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ጎተራ ለምትጠብቅ አዋቂ ድመት ቤቱ የዕለት ፍላጎቷን ከሲሶ እስከ እኩሌታ፣ በየቀኑ፣ በጾምም በፍስክም፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ሊሰጣት ይገባል፤ ቀሪውን ራሷ ታድናለች። ከዚህ ያነሰው እርሷንም ጎተራውንም ይጎዳል፤ ከዚህ የበለጠው ደግሞ ከአደን ሊያዘገያት ይችላል።

በቅድሚያ ሒሳቡን እንመልከት። በሥነ ምግብ ጥናት ተቀባይነት ባለው ስሌት መሠረት 3 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ ያልወፈረች አዋቂ ድመት በቀን 210 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ 4 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ደግሞ 250 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል። አንዲት ትንሽ የቤት አይጥ የምትሰጠው ጉልበት 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በአደን ብቻ የምትኖር ድመት በየቀኑ ከ7 እስከ 8 አይጦች ይዛ መብላት አለባት። ይህ በመኸር ማግስት ይሳካላት ይሆናል፤ ጎተራው በሚጎድልበትና ዝናቡ በሚበረታበት በክረምት ግን በየቀኑ ይሳካላታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በዚያ ላይ የደጋው ብርድ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት አገር ደጅ የምታድር ድመት ሰውነቷን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት ታወጣለች። የተጠቀሰው ልክ ዝቅተኛው እንጂ ከፍተኛው አይደለም ማለት ነው።

ይሁንና የቀለብ ነገር በመጠን ብቻ አያልቅም። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችል ከሥጋና ከመሳሰለው ማግኘት ግድ ይሆንባታል። ሄይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 የታውሪን እጥረት የድመትን የዓይን መረብ እንደሚጎዳ አሳይተዋል፤ ፖል ፒየንና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ያው እጥረት የልብ ጡንቻን እንደሚያደክምና ንጥረ ነገሩ ሲሰጥ ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል አረጋግጠዋል። በእንጀራም ሆነ በቂጣ ውስጥ ታውሪን የለም ማለት ይቻላል። እንጀራ ሆዷን ይሞላል፤ የሚያስፈልጋትን ግን አያሟላም። በወጥ የራሰ እንጀራ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳልና። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቷ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት እንኳ ሊመርዛት ይችላል። ትርፍራፊ ወጥ ለድመት መስጠት ደግነት ቢመስልም ውጤቱ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር መጻሕፍት የማናገኘው የራሳችን ጉዳይ ይነሣል፤ እርሱም ጾም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታና ሌሎቹ ተደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሸፍናሉ። ድመቷ የምትኖረው ከማዕድ በሚተርፈው ከሆነ የእርሷም ቀለብ የሚወጣውና የሚገባው በዚሁ የቀን መቁጠሪያ ነው። በፋሲካ ሰሞን አጥንትና ቅንጥብጣቢ እስኪተርፋት ታገኛለች፤ ከዚያ በፊት ባሉት 55 ቀናት ግን የሚወረወርላት በሽሮ የራሰ እንጀራ ብቻ ይሆናል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሰውን ግብዝነት ለመውቀስ የተነገረ ቢሆንም ስለ ድመቷ የያዘው እውነት ነው፤ ድመት መመንኮስ አትችልም። ጾም የተሠራው ለሰው ነው፤ የቤቱን እንስሳ አብሮ ማስጾም ከሥርዓቱ የሚጠበቅ አይደለም።

የዚህን አቋም ተቃውሞ በደንብ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» የሚለው ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ ጥናቶቹም በጥንቃቄ ሲነበቡ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። አዳሜክ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጥናት ድመቶች የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳለ አይጥ ሲቀርብላቸው ምግቡን ትተው አይጧን ገድለዋል፤ የማደን ፍላጎት ከረኀብ ተለይቶ የቆመ መሆኑ ታየ። ቢበን በ1979 ደግሞ ረኀብ የመግደልን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ፣ የታዳኙ መግዘፍ ግን ዝቅ እንደሚያደርገው አሳየች። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ጥናትም ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው የቤት ድመቶች ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት አደን በ36 በመቶ መቀነሱን ይገልጻል። ከሦስቱ የምንማረው አንድ ነው፤ ሙሉ ጥጋብ አደንን ሊቀንስ ይችላል፣ ረኀብም ያነሣሣል፣ ሆኖም ለማደን ረኀብ የግድ አያስፈልግም። አቅሟ የደከመ ድመት አይጠ ሞጎጥን የሚያህል ታዳኝ ፊት ለፊት ትጋፈጣለች ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው።

ለገበሬው ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ እርሻዎች ላይ ያደረገው ጥናት ነው። እንደ እርሱ ግኝት አይጦቹ አስቀድመው ከተወገዱ በኋላ ድመቶች የእርሻውን ቤቶች ከአይጥ ነጻ አድርገው ሊያቆዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን በቦታው የሚያቆያቸው የወተት ቀለብ ያሻቸዋል። የቀለቡ ጥቅም እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ድመቷን ከጎተራው ጋር የሚያስራት ቀለቡ ነው። ቀለብ የሌላት ድመት ማደኗን አትተውም፤ የምታድነው ግን ከቤት ርቃ ነው።

ስትርቅ ምን ይገጥማታል? የጎረቤትን ጫጩት ትነጥቃለች፤ በዱላ ትባረራለች። መርዝ የበላ አይጥ በልታ ትሞታለች፤ ለአይጥ የሚቀመጠው መርዝ በሬሳው በኩል ወደ ድመትም ይተላለፋልና። በመንዝ ደግሞ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በዚያው ምድር 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሕዝቡ ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት የጠበቀው ሀብት ነው፤ በውስጡ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም የሚመገበው በዋናነት የሜዳ አይጦችን ነው። በጥብቅ ሥፍራው አቅራቢያ ያሉ ድመቶች ቀለባቸውን ከቤታቸው ቢያገኙ ለዱር አራዊቱም ይበጃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፦ «ለልጅ ያልበቃ ወተትና እንቁላል ለድመት?» የሚል ነው። ልጅ ይቅደም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ይሁን እንጂ ጎተራውም የልጁ ነው። አንዲት ትንሽ አይጥ በቀን 3 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ በዓመት ከ1 ኪሎ ግራም ይበልጣል። በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸው ከምትበላው ይበዛል። ሦስት ሳምንት አርግዛ በአንድ ጊዜ ስድስት ያህል ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሁለት ወር ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። ለድመቷ የሚሰጠው ቀለብ በዚህ ሚዛን ሲታይ ለእህሉ ጥበቃ የሚወጣ ወጪ ነው።

ወጪውም ቢሆን ከአቅም በላይ አይደለም። ሲሶው 70፣ እኩሌታው 125 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በግ በታረደ ጊዜ ሰው የማይፈልገው ሳንባና ጣፊያ 100 ግራሙ 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ አንድ እፍኝ ለአንድ ቀን ይበቃል። አንድ የሐበሻ ዶሮ እንቁላልና አንድ የቡና ሲኒ ወተት በድምሩ ወደ 100 ይጠጋሉ፤ ግማሽ እንቁላልና አንድ ሲኒ ወተት ደግሞ ሲሶውን ይሞላሉ። በጾም ዶሮዋ መጣሏን፣ ላሟ መታለቧን አታቆምም፤ ቤተሰቡ በማይበላባቸው በእነዚያ ቀናት ጥቂቱን ለድመቷ ማዋል ከሌላው ጊዜ ይቀላል። ብዙ አዋቂ ድመቶች ጥሬ ወተት ሆዳቸውን ስለሚያስቀምጣቸው እርጎ የተሻለ ነው። ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን፣ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ የሆነውን ተሐዋሲ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሳንባው ይቀቀል፤ ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ መቀቀያው ውሃም ሳይደፋ አብሮ ይሰጣት። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት አይግባበት። ጉበት በየቀኑ ከተሰጠ የቫይታሚን ኤ ብዛት ያመጣልና አልፎ አልፎ ብቻ ይሁን። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይቀመጥላት።

ልኩ ለሁሉም አንድ አይደለም። ግልገል የምታጠባ ድመት ፍላጎቷ እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ቤቱ ከእኩሌታ በላይ ሊሰጣት ይገባል። በከተማ ሱቅ ውስጥ ስትተኛ የምትውል፣ የምታድነው የሌላት ድመት ደግሞ ሙሉውን ልክ ከባለቤቷ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ካለፈ ግን ትወፍራለች። መለያው ቀላል ነው። መዳፍን በጎኗ ላይ ማሳለፍ ነው፤ የጎድን አጥንቷ ሲዳሰስ የሚገኝ ነገር ግን በዓይን የማይታይ ከሆነ ልኩ ደርሷል። አጥንቱ ከታየ ይጨመርላት፤ ቢዳሰስም ካልተገኘ ይቀነስ። በገበያ ሚዛን፣ በቅርጫት አድርጎ በወር አንድ ጊዜ መመዘንም ይቻላል።

በመጨረሻም ለእንስሳት ሳይንስ ተመራቂዎች አንድ የጥናት ጥያቄ ልተው። በሞላሌ ዙሪያ ባሉ ጥቂት ቤቶች የሚኖሩ ድመቶችን በቅበላ ሰሞን መመዘን፣ በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ መመዘን፣ በሁለቱ መካከልም የጎተራውን አይጦች በወጥመድ መቁጠር የሚጠይቀው አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ወጥመድና ሁለት ወር ብቻ ነው። እኩሌቶቹ ቤቶች የተለመደውን ትርፍራፊ፣ እኩሌቶቹ እዚህ የተባለውን ልክ ቢሰጡ «አይጥ ትብላ» የሚለው ምክር ለጎተራው ይበጅ ወይም ይጎዳ እንደሆነ በራሳችን ቁጥር እናውቀዋለን። እስከዚያው ግን የዛሬዋ ድመት ቀለቧን ዛሬ ማግኘት ይኖርባታል።