የእናቷን ሥዕል የያዘችው ልጅ

የጥንቱ የአሜሪካ ምርጫ ካርቱን ሲነሳ ሁሌም የሚመዘዘው «ንጉሥ አንድሩ ቀዳማዊ» ነው። እኔም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1833 ገደማ የታተመው ይህ ሥዕል የሠዓሊው ስም የለበትም። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ዘውድ ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ፣ በአንድ እጁ በትረ መንግሥት፣ በሌላው የብሔራዊውን ባንክ ሕግ የጣለበትን የ«ቬቶ» ወረቀት ይዞ ሕገ መንግሥቱን ረግጦ ቆሟል። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ክሱን ይረዳዋል። ተቃዋሚዎቹም ብዙ ሳይቆዩ «ዊግ» ተባሉ፤ ስሙን የወሰዱት በእንግሊዝ የንጉሥን ሥልጣን ከተቃወሙት ሰዎች ነው።

ጊዜው የሊቶግራፍ ነበር። መዳብ ከመፈልፈል ይልቅ ድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ መሣል ይፈጥናል፣ ይረክሳልም። የጃክሰን ሚኒስትሮች በ1831 ሥልጣን ሲለቁ ከሚፈርስ ቤት እንደሚሸሹ አይጦች ተሣሉ። ጆን ኩዊንሲ አዳምስ በዕለት ማስታወሻው እንደጻፈው ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ቀን 2,000 ቅጂ ተሽጧል።

እስከዚህ ድረስ ከሠዓሊዎቹ ጋር ነኝ። የ1836ቱን ሥዕል ሳይ ግን አንጀቴ ይቆስላል።

በዚያ ዓመት ምርጫ የፕሬዚዳንት ዕጩው የማርቲን ቫን ቡረን ምክትል ሆኖ የቀረበው የኬንታኪው ሪቻርድ ጆንሰን ነበር። ጁሊያ ቺን በሕግ ባሪያው፣ በኑሮ ግን ሚስቱ ነበረች፤ እሱ ዋሽንግተን ሲሆን እርሻውን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። በ1833 ሞተች። ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን አስተምሮ፣ ልጆቼ ናቸው ብሎ በአደባባይ አቆማቸው። የኒው ዮርኩ አሳታሚ ሄንሪ ሮቢንሰን ያወጣው ካርቱን ጆንሰንን ሲያለቅስ፣ ልጆቹን በአጠገቡ ቆመው ያሳያል። አንደኛዋ የእናቷን ሥዕል ይዛለች፤ ገበያተኛው የሚስቀው በዚያ ነው።

ክሱን ልብ በሉት። ሰው እንደ ንብረት መያዙ በዚያ ሥዕል ነውር አይደለም፤ ነውሩ ልጆቹን አለመካዱ ነው። ጃክሰን ሲሣልበት ሥልጣኑም ጋዜጣውም በእጁ ነበር። እነዚህ ልጆች ግን በምን አፋቸው ይመልሱ? ለምርጫ አልቀረቡም፣ ድምፅም የላቸውም። የሥዕሉ ጥበብ ያው ነው፤ ዱላው ያረፈበት ጀርባ ግን ሌላ ነው። እኔ ለሁለቱ አንድ ስም መስጠት አልችልም።

የቨርጂኒያ ተወካይ መራጮች ጆንሰንን አንመርጥም በማለታቸው ነገሩ ወደ ሴኔት ሄዶ በ1837 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ፣ አደሊን፣ ያን ቀን አላየችም። በዚያው በ1836 ሞታለች።