አፉን የከፈተ ሁሉ አይዘፍንም

ሰው ገበያ ወጥቶ ቅቤ ብሎ የገዛው ነገር ቤቱ ሲደርስ ሙዝ ተደባልቆበት ቢያገኘው ሻጩን ይረግማል፤ ጎረቤቱንም ጠርቶ ያሳያል። ዘፋኝ መድረክ ላይ ቆሞ ድምፁን ሳይሆን የድምፁን ጥላ ሲሸጥለት ግን ያጨበጭባል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጭብጨባ ነው።

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአኖ ከተማ፣ አንድ ምሽት በሠርግ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከሩቅ የተጠራው ድምፃዊ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ማይክራፎኑን ጨብጦ ይዘላል፤ ይሽከረከራል፤ ይህን ሁሉ እየሠራ ግን ትንፋሹ ቅንጣት ሳይቆራረጥ ዘፈኑ እንደ ወንዝ ይፈሳል። በአጠገቤ የነበሩት ወጣቶች «ልክ እንደ ካሴቱ ነው!» እያሉ ተደነቁ። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ከመብራቱ ጋራ ዘፈኑም አብሮ ጠፋ። ማይክራፎን ቢሞት የሰው ጉሮሮ ምን አገኘው? ድንኳኑ ሰፊ አልነበረም፤ እውነተኛ ድምፅ ቢኖር ኖሮ ከዳር እስከ ዳር በተሰማ ነበር። ሰውየው ግን አንዲት ስንኝ እንኳ ሳያሰማ በጨለማው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሠርጉን ከኀፍረት ያዳኑት ከበሮ ያነሡ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ አንዱ እያወረደ ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ በኦሮምኛ ዘፈን አደመቁት።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መብራቱ ሲመጣ ያው ፍላሽ እንደገና ተሰካ፤ ያው ጭብጨባም ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በነቀምቴ፣ ከባንድ ጋራ ሆኖ በእውነት የዘፈነውን ሰው «እንደ ካሴቱ አይደለም» ብለው ሲያፏጩበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ጥፋቱ የዘፋኙ ብቻ አይደለም፤ የሰሚውም ነው። እውነተኛውን እያፏጨ፣ ሐሰተኛውን እያጨበጨበ የሚያሳድግ ሕዝብ ነገ ዘፋኝ አጣሁ ብሎ ሊያዝን አይገባውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዘፈን በስቱዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ልብ በል። ድራሙ ለብቻው፣ ቤዝ ጊታሩ ለብቻው፣ ኪቦርዱ ለብቻው ይቀረጻል። ድምፃዊው አንዲቱን ስንኝ ደጋግሞ ይላትና የተሻለችው ትመረጥለታለች፤ ካስፈለገም የገዛ ድምፁን በድምፁ ላይ እየደረበ የተቀባዮቹን ቦታ ይሞላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የስቱዲዮ ሙያ ነው። መድረክ ላይ ግን ያለው አንድ ጉሮሮና አምስት ወይም ስድስት ሰው ነው። ስለዚህ ጥሩ ባንድ ዘፈኑን እንደ ልብስ ፈትቶ ለመድረኩ ልክ እንደገና ይሰፋዋል። ድምፃዊው ብዙ ሰዓት የሚዘፍን ከሆነ ጉሮሮው እንዳይጎዳ ዜማውን ጥቂት ዝቅ ያደርጉለታል። በካሴቱ ላይ አራት የትንፋሽ መሣሪያ የተጫወተውን አንድ ሳክስፎንና አንድ ኪቦርድ ይካፈሉታል። ካሴቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ዘፈኑ ቀስ በቀስ እየራቀ ይጠፋል፤ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ግን እየደበዘዘ ሊጠፋ አይችልምና አዲስ መቋጫ ይበጅለታል። ሕዝቡ የሚያውቀው አዝማች ሲደርስ ባንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሕዝቡ ይተውለታል። ያን ቀን በነቀምቴ የተፏጨበት ሰው ያደረገው ይህንኑ ነበር።

የቀድሞዎቹ ሙዚቀኞቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድም ማሳተም የጀመራቸው ትንንሽ ሸክላዎች በአንድ ገጽ የሚይዙት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ዘፈኑ ያጠረው ሸክላው ስላጠረ እንጂ የሚባለው ስላለቀ አልነበረም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜም እንግዳው ወጥቶ መሄድ ስለማይችል ባንዶች በየሆቴሉ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ባንድ ሸክላውን ብቻ ቢደግም ኖሮ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ የሚለው ባለቀበት ነበር።

ጌታቸው መኩሪያን ተመልከት። ይህ ሰው የሽለላን ዜማ ከሰው አፍ ወደ ሳክስፎን ያዛወረ ነው። ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ ጋራ ተጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 አልበም አወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ ባሉት ዓመታትም በልዩ ልዩ አገር መድረክ ላይ አብረው ታዩ። ሆላንዳውያኑ የድሮውን ኦርኬስትራ ቁርጥ አድርጎ ለመምሰል አልደከሙም፤ በራሳቸው ጊታርና ድራም አጀቡት እንጂ። ሽለላው ግን ሽለላነቱን አልለቀቀም። የወለጋ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ጌራርሳ የሚያዜም ሰው ትናንት ያለውን ዛሬ እንዳለ አይደግመውም፤ የሚሰሙትን ሰዎችና የቆመበትን ቀን አይቶ ቃሉን ያስተካክላል።

አንዳንዱ «ከአዲስ አበባ ድረስ ባንድ ማምጣት ብዙ ወጪ ነው» ይለኛል። እውነት ነው፤ የአምስት ሰው መጓጓዣና ማደሪያ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ድህነት ለማነስ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመዋሸት ምክንያት አይሆንም። አንድ ኪቦርድ ወይም አንድ ክራር ይዞ በእውነተኛ ድምፅ የሚዘፍን ሰው ማንንም አላታለለም።

ሌላው ደግሞ «ታላላቆቹም በቴፕ ይጠቀማሉ» ይላል። እንመርምረው። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ላይ ሦስት ሰዎች ድምፃቸውን ብዙ ጊዜ እየደራረቡ መዘምራን አስመስለውታል። ያን ክፍል መድረክ ላይ በአፋቸው ሊያወጡት አልቻሉም። ታዲያ ምን አደረጉ? ቴፑ ሲጫወት ከመድረክ ወረዱ፤ ክፍሉ ሲያልቅ ተመልሰው በእጃቸው ተጫወቱ። የማይዘፍኑትን የሚዘፍኑ መስለው አፋቸውን አላንቀሳቀሱም። ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች ግን በሌሎች ሰዎች ድምፅ ዝና አገኙ፤ ነገሩ ሲገለጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሸለሙትን የግራሚ ሽልማት ተነጠቁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። በፍላሽ የሚያታልልህ ዘፋኝ አስቀድሞ ጆሮህን ንቋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ለሠርጋችሁ ዘፋኝ ስትጠሩ «በእውነት ትዘፍናለህ ወይስ ፍላሽ ትሰካለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መድረክ ላይ ድምፁ ሲሰነጠቅ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ ዜማውን ዝቅ ሲያደርግ ብትሰሙት አታፏጩ፤ በፊታችሁ የሚሠራ ሰው መሆኑን ያወቃችሁት በዚያ ነውና። እንደ ካሴቱ መስማት የፈለገ ካሴቱ እቤቱ አለለት። ከቤቱ ወጥቶ የመጣው ግን ሰው ለመስማት ነው፤ ሰው ይሰማ።