የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳም የመምህሩ ጉዳይ ነው

እንደሚታወቀው በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር አንሥቶ ለብዙ ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬቱ ዕረፍት አልነበረውም። ታኅሣሥ 26 ቀን በመጠን 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል። ቤቶች ፈርሰዋል፤ መሬት ተሰንጥቋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀዬያቸውን ለቀው ተሰደዋል። በአዲስ አበባ በፎቅ ቤት የሚኖረው ሕዝብ እንኳ በውድቅት ሌሊት ልጆቹን ይዞ ወደ ደጅ ወጥቷል።

ታዲያ መሬቱ ሲረጋ ወሬውም አብሮ ረጋ። እኛ ዕጩ መምህራንና አሠልጣኞች ግን አብረን ልንረጋ አይገባም ባይ ነኝ። ምክንያቱም ከዚህ ተመርቀን የምንሄደው ወደ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ማለት ደግሞ በአንድ ጣራ ሥር አምሳና ስድሳ ሕፃናት ለግማሽ ቀን የሚቀመጡበት ቤት ማለት ነው። ያ ቤት ሲነቀነቅ ይቆማል ወይስ ይናዳል የሚለው ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የመምህርም ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን መነሻ እንመልከት። የምድር ቅርፊት እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ ነው፤ «ፕሌት» በሚባሉ ትልልቅ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ላይ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህ የእጃችን ጥፍር በሁለት ወር የሚያድገውን እንኳ አያህልም። ነገር ግን አለት እንደ ጎማ እየተለጠጠ ዝም ብሎ አይከተልም፤ ለብዙ ዓመታት ይታገሣል፣ በመጨረሻ በድንገት ይሰበራል። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ጉልበት በሞገድ መልክ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜም ከሥር የሚመጣ ቅልጥ አለት በስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ እየገባ መሬቱን ያናውጣል፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የታየው ይህ ነበር።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ጭምር ያስደነገጠ ነበር። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ በደረሰው የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳናም ተሰነጣጥቋል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር ምድር የሰርዶ መንደር ፈርሳ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህን ታሪክ አንድ በአንድ ሰብስበው መጽሐፍ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። እንግዲህ ከስምጥ ሸለቆው ዳርና ዳር ተመድበን የምናስተምር ሁሉ «እኛን አይነካንም» ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ የለንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። በሬዲዮ «5.7 ተመዘገበ» ሲባል የሚነገረው የመንቀጥቀጡ መጠን ነው፤ ይኸውም ከምንጩ የወጣው ጉልበት ልክ ነው። መጠኑ በአንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ በሁለት ቁጥር ሲጨምር ወደ 1,000 እጥፍ ይደርሳል። እኛ በቆምንበት ቦታ የሚሰማን ንቅናቄ ግን ሌላ ነገር ነው። ፋኖስን እንውሰድ። የፋኖሱ ብርሃን አንድ ነው፤ ደብተራችን ላይ የሚያርፈው ግን እንደ ርቀታችን ይለያያል። ከዚህም በላይ የአፈሩ ዓይነት ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 በሜክሲኮ የተነሣው መንቀጥቀጥ ምንጩ ከዋና ከተማዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሆኖ ሳለ፣ ከተማዋ በጥንት ሐይቅ ለስላሳ ደለል ላይ በመሠራቷ ምክንያት ንቅናቄው በርትቶ በርካታ ሕንፃዎችን አፈራርሷል። በሐይቅ ዳር ደለል ላይ የቆመና በአለት ላይ የቆመ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ዕጣ የላቸውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። አውቶቡስ ላይ ቆመን ስንሄድ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወዴት እንደምንወድቅ ሁላችንም እናውቃለን። ቤትም እንዲሁ ነው። መሬቱ ወደ ጎን ሲሸሽ መሠረቱ አብሮ ይሄዳል፤ ጣራው ግን ባለበት መቆየት ይፈልጋል። በመካከል ያሉት ግድግዳና ምሰሶ ይህን ግፊት መሸከም አለባቸው። ቤቱ በከበደ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል፤ ይህ ኒውተን በሳይንስ ክፍል ያስተማረን ነው። ቤት ስንሠራ የምናስበው ወደ ታች ስለሚወርደው ክብደት ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ከጎን ይመጣል።

ስለዚህ ድንጋይ በጭቃ እየተደራረበ የሚሠራ ከባድ ቤት እጅግ አደገኛ ነው፤ ድንጋዮቹን አንድ ላይ የሚያስራቸው ነገር የለምና ግድግዳው ተከፍቶ ይናዳል። ብዙዎቻችን የምንንቀው የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን ቋሚውና ማገሩ በደንብ ከታሰረና ምስጥ ካልበላው፣ ጣራውም ቀላል ቆርቆሮ ከሆነ፣ ምርጊቱ ቢረግፍ እንኳ ዐፅሙ እየተወዛወዘ ሊቆም ይችላል። የብሎኬት ቤት ደግሞ የሚያድነው ማሰሪያው ነው። በግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የአርማታ መቀነት፣ ግንበኞች «ቶፕ ታይ ቢም» የሚሉት፣ አራቱን ግድግዳ አንድ ሳጥን ያደርጋቸዋል። መቀነት የሌለው ግድግዳ እያንዳንዱ ለየብቻው ይወድቃል።

በአርማታ ምሰሶም ቢሆን ፌሮው ብቻ አያኮራም። ቋሚዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ስታፋ የሚባለው፣ በምሰሶው ጫፍና ጫፍ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ መደርደር፣ መንጠቆውም ወደ ምሰሶው እምብርት መታጠፍ አለበት። ስታፋው ከሳሳ ኮንክሪቱ ይፈነዳል፣ ፌሮው ይጎብጣል፣ ቤቱ ይቀመጣል።

በተለይ በትምህርት ቤቶች የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። ክፍሉ ብርሃን እንዲያገኝ ተብሎ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ብሎኬቱ እስከ መስኮቱ ደፍ ብቻ ይገነባል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ መስኮት ነው። ለዓይን ያምራል። ነገር ግን የምሰሶው የታችኛው ክፍል በብሎኬት ተጨምድዶ ሲያዝ፣ መታጠፍ የሚችለው በመስኮቱ አጠገብ ያለው አጭር ክፍል ብቻ ይሆናል። በምሰሶው ቁመት ሁሉ መከፋፈል የነበረበት ግፊት በዚያች አጭር ቦታ ላይ ይከማችና ምሰሶውን እንደ ሸንኮራ ይቀነጥሰዋል። መፍትሔው በብሎኬቱና በምሰሶው መካከል ጥቂት ክፍተት መተው፣ ወይም በዚያ ቦታ ስታፋውን ማጥበቅ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ዓይንን ገልጦ ማየት ይበቃል።

የዚህ ቸልተኝነት ዋጋ በሌላ አገር ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2005 በፓኪስታን ካሽሚር በመጠን 7.6 የሆነ መንቀጥቀጥ የደረሰው በጧት፣ ልጆች ክፍል ገብተው ሳለ ነበር። በትምህርት ቤቶች ፍርስራሽ ሥር ከ17,000 በላይ ተማሪዎች እንዳለቁ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2015 በኔፓል 7.8 ሲደርስ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ፈረሱ ወይም ከጥቅም ውጭ ሆኑ፤ ልጆቹን ያተረፋቸው ግን ዕለቱ ቅዳሜ፣ የኔፓል የዕረፍት ቀን መሆኑ ብቻ ነው። የሕፃናት ሕይወት በቀን መቁጠሪያ ዕድል ላይ መንጠልጠል አለበትን?

አሁን በዚህ ጉዳይ ላይ ዘወትር የሚነሡትን ሦስት ሐሳቦች ልመልስ።

አንዳንዶች «ይህ የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እምነትን ለመንካት አልተነሣሁም። ነገር ግን ዝናብንም የሚያዘንበው ፈጣሪ ነው ብለን ቤታችንን ጣራ ከማልበስ የቦዘንበት ጊዜ የለም። በአንድ ንቅናቄ አንዱ ቤት ሲፈርስ ጎረቤቱ ከቆመ፣ ልዩነቱን በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

ሌሎች «ምን አገባን? መንግሥት መሐንዲሶች አሉት፤ ሕግም አለ» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስምንተኛ ክፍሉን ለዚሁ ጉዳይ የመደበ ሲሆን፣ በ2015 ደግሞ ታድሷል። ኮዱ ትምህርት ቤትን ከተራ መኖሪያ ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ሕንፃዎች ይመድበዋል። የኮዱም መንፈስ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ቢሰነጣጠቅ ይሰነጣጠቅ፣ በሰው ላይ ግን አይውደቅ። ችግሩ ወረቀቱ አዲስ አበባ መቀመጡ፣ ግድግዳው ግን ገጠር መሠራቱ ነው። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ አዋጥቶ፣ በአካባቢው ግንበኛ ተጨማሪ ክፍል ሲያሠራ፣ በሥራው ቦታ በየቀኑ የሚገኘው ማነው? መሐንዲሱ አይደለም። መምህሩ ነው። በኮሚቴው ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ የሚመረጠውም እሱው ነው። «መቀነቱስ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ብዙ ነገር ይለወጣል።

ሦስተኛዎቹ «ድሃ ነን፤ ይህ የጃፓን ቅንጦት ነው» ይላሉ። አይደለም። ያው የኔፓል አገር ሀብታም አይደለም። ሆኖም ከ2015ቱ አደጋ በፊት በካትማንዱ ሸለቆ የአካባቢ ግንበኞችን አሠልጥኖ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችን በብረት መረብና በሲሚንቶ ልስን መቀነት አጠናክሮ ነበር። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ጸንተው ቆሙ፤ ቤት ለፈረሰበትም ሕዝብ መጠለያ ሆኑ። በጅምር ላይ ያለ ክፍልን መቀነት ማስታጠቅ የሚጠይቀው ገንዘብ የፈረሰውን እንደገና ለመሥራት ከሚጠይቀው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የልጅ ሕይወትማ በብር አይተመንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የበኩሌን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ትርጓሜውን ሸምድደን ለፈተና ጽፈን የምንረሳው ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም። በማስተማር ልምምድ ጊዜ በእጅ የሚሠራ ሙከራ እናድርገው። አራት የሸምበቆ ቁራጮችን በአራት ማዕዘን በየጫፋቸው በአንድ አንድ ሚስማር አያይዞ ከጎን መግፋት ነው፤ ወዲያው ይጋደማል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ ሸምበቆ ሲጨመር ንቅንቅ አይልም። ይህ ሙከራ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ያየው ልጅ ግን የአባቱን ቤት በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ወደ ምድብ ቦታው የሚሄድ ማንኛውም ዕጩ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ቤቱን ዞሮ ይመርምር። ግድግዳው መቀነት አለው? ከጣራው ሥር ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ከጣራው እንጨት ጋር ታስሯል? የማዕዘኑ ስንጥቅ እየሰፋ ነው? በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው? ቁም ሣጥኑና የመጽሐፍ መደርደሪያው ከግድግዳ ጋር ተያይዘዋል? ያየውን ጽፎ ለርእሰ መምህሩና ለወላጆች ኮሚቴ ያቅርብ።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎችን በየመንፈቀ ዓመቱ እናለማምድ። በጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ንቅናቄው እስኪቆም ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን፣ ከመስኮት መራቅ፣ ከዚያ ሳይጋፉ ተሰልፎ ወደ ሜዳ መውጣት ነው። በደካማ የድንጋይና ጭቃ ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ ያለ ሰው ግን ወዲያው ወደ ሜዳ ቢወጣ ይሻላል። በየክፍሉ የትኛው እንደሚሻል አስቀድሞ መወሰን የመምህሩ ኃላፊነት ነው።

አራተኛ፣ ይህንኑ ምርመራ ከራሳችን እንጀምር። የመኝታ አዳራሾቻችንን፣ የመጻሕፍት ቤታችንንና የምግብ አዳራሻችንን የሳይንስና የጂኦግራፊ ክበቦች በጋራ ዞረው ይመልከቱና ውጤቱን በዚሁ የግድግዳ ጋዜጣ ያውጡልን። ሌላውን ከማስተማር በፊት የራስን ቤት ማየት ይቀድማል።

የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም። የት የት ሊመጣ እንደሚችልና የትኛው ቤት እንደማይችለው ግን የታወቀ ነው። ቀኑን ስለማናውቅ፣ ዝግጅታችን ከቀኑ መቅደም አለበት። ወላጅ ልጁን በጧት አጥቦና አልብሶ ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ ፊደል እንድናስተምርለት ብቻ አይደለም የሚሰጠን፤ ማታ እንድንመልስለትም ጭምር ነው።