ሁለተኛዋም ጀልባ ትንሽ ትሁን፦ በተከዜ ሐይቅ ዓሣ ለሚያሰግሩ ባልንጀሮች ስለሚሰጠው ምክር

ሁለት ባልንጀሮች በአንዲት ትንሽ ጀልባ ሲያሰግሩ ከርመው ሁለተኛ ለመጨመር ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፣ ከባለሙያም ከጎረቤትም የሚሰሙት ምክር ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ ትንሿን ሽጡና ሁለታችሁንም መረባችሁንም የምትይዝ ባለ ሞተር ግዙ። መቅዘፊያ የኋላ ቀርነት፣ ሞተር የዕድገት ምልክት ተደርጎ ይታያል። በዋግ ኽምራ በኩል፣ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ የተከዜ ዳርቻ ለሚሠሩ ወጣቶች ግን ይህ ምክር አይበጅም እላለሁ። ሁለተኛዋም በመቅዘፊያ የምትሄድ ቀላል ጀልባ፣ ማለትም ካያክ፣ ብትሆን ይሻላቸዋል።

መካሪዎቹ የሚዘነጉት የሐይቁን ጠባይ ነው። ተከዜ እንደ ጣና ሜዳ ላይ የተንጣለለ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው ግድብ በገደል መካከል ያቆመው ውሃ ነው። ክረምት ይሞላል፤ በበጋ ለኤሌክትሪክ ሲለቀቅ በብዙ ሜትር ይወርዳል፣ ዳርቻውም ይሸሻል። ጀልባ ይታሰርበት የነበረው ቦታ ከጥቂት ወራት በኋላ ድንጋያማ ቁልቁለት ይሆናል። ከባዱ ጀልባ እዚያ ሲደርስ ጎታች ሰው ይፈልጋል፤ ነዳጁና መለዋወጫው ደግሞ ከሰቆጣ ደጋ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ አለበት። ካያክን ግን ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ይዘው ውሃው የሄደበት ይከተሉታል።

ሞተር ብዙ ያስገኛል የሚለው ክርክር ከጣና መማር ነበረበት። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የጣና ዓሣ በዋናነት ከዳር ሳይርቅ በደንገል ታንኳ ይሰገር ነበር፤ በዚህ ሙያ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በ1986 ባለ ሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ገቡ። ያኔ ነጭ ዓሣ የሚባለው ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ በሚሰበሰብበት ወቅት እዚያው ደርሶ በብዛት ማውጣት ተቻለ። ተመራማሪዎች የ1990ዎቹን መጀመሪያ ከአሥር ዓመቱ ማብቂያ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዶ አገኙት። ጥፋቱን የሠራው መረቡና የወቅቱ አለመከበር ነው ቢባል እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መረቡን ሩቅ የወንዝ አፍ ድረስ ያደረሰው ሞተር ነው። አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ዓ.ም.) የዓሣ ሀብት በሥርዓት እንዲያዝ ደንግጓል። ተቆጣጣሪ በማይደርስበት ገደላማ ዳርቻ ግን ከአዋጁ ይልቅ የቀዛፊው ክንድ ልክ ለዓሣው እፎይታ ይሰጠዋል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከተቃራኒው ወገን የሚቀርበው ጠንካራ ነጥብ ገበያው ነው። በተከዜ ሸለቆ ሙቀት ቀረሶም ሆነ አምባዛ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፣ ሞተር ግን ቶሎ ያደርሳል ይላሉ። እውነት አለው። መፍትሔው ግን የአስጋሪዎቹ ማኅበር በጋራ አንዲት ባለ ሞተር ጀልባ ይዞ፣ በረዶ ጭኖ ከየቀዛፊው እየዞረ መሰብሰቡ ነው። ሞተሩ የተያዘውን ያጓጉዝ፤ ዓሣውን ማሳደድ ግን ሥራው አይሁን።

ባለ ሁለት መቀመጫ አንዲት ካያክ አትበቃምን? ገንዘብ ትቆጥብ ይሆናል፤ ግን ባልንጀራው ሲታመም ወይም ለእርሻ ሲቀር ለብቸኛው ሰው ትከብደዋለች። ከዚህም በላይ የሕይወት ጉዳይ አለ። አንዱ ሲገለበጥ ሌላው ጎኑ ቀርቦ ጀልባውን ይይዝለታል፣ ውሃውን ያፈስለታል፣ መልሶ እንዲወጣ ያግዘዋል፤ አንዲቷ ከተገለበጠች ግን ሁለቱም ውሃ ውስጥ ናቸው። ተከዜ የአዞና የጉማሬ ወንዝ ነው። ስለዚህ ለፍጥነት የተሠራችውን ጠባብ ካያክ አልመክርም፤ ወለሏ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ላይዋ ክፍት የሆነች፣ የገባባት ውሃ በራሱ ቀዳዳ የሚወርድባት ትሁን። የሕይወት አድን ጃኬት ከጀልባዋ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ፣ ምሽት ላይም ዳር ዳሩን አይቅዘፉ።

ከመግዛታቸው በፊት ባዶዋን ሳይሆን ሰው፣ እርጥብ መረብና አንድ ሣጥን ዓሣ ጭነው ጥልቀት በሌለው ዳር ይሞክሯት። ሻጩ የሚነግራቸው የመጫን አቅም ጀልባዋ ሳትሰምጥ የምትችለው እንጂ ተረጋግታ የምትቀዘፍበት አይደለምና፣ ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይውሰዱ።